ሲሚንቶ ያዳናት ማሽን

እስካለፈው ጥር ድረስ ቆቦ አክስቴ ቤት ብትገቡ፣ ግቢው ጥግ፣ ከሮቶው ሥር አንድ ነጭ ነገር ታዩ ነበር። ነጭ ነበረች ማለት ይሻላል፤ የቆላው ፀሐይና አቧራ ቢጫ አድርጓታል። ላይዋ ላይ የድስት ክዳን ይቀመጣል፣ የሽንኩርት ጆንያ ይቀመጣል፣ አንዳንዴም ድመት ትተኛባታለች። ልጅ ሆኜ ግን እሷ ላይ አንድ ነገር ማስቀመጥ ኃጢአት ነበር። ዳንቴል ለብሳ ነበር የምትውለው። ቴሌቪዥናችን እንኳ ዳንቴል ያገኘው ከእሷ በኋላ ነው።

አውቶማቲክ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ናት። ጣሊያን ሥሪት፣ ከፊት በክብ መስታወት የምትከፈት፣ አንድ ትልቅ ማዞሪያ ብቻ ያላት። ስክሪን የላትም፣ ስትጨርስ አትዘፍንም፣ ከስልክ ጋር አትገናኝም። ማዞሪያዋ ሲዞር ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ይሄን ድምፅ የትም ብሰማው አውቀዋለሁ።

የመጣችው በ2001 ዓ.ም. ከጂዳ ነው። አክስቴ ያኔ እዚያ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ማዳሟ አዲስ ማሽን ስታስገባ አሮጌዋ ልትጣል ሆነ፤ አክስቴ «ለኔ ስጪኝ» አለች፣ ተሰጣት። ከሌሎች የቆቦ ልጆች ዕቃ ጋር በመርከብ ተጫነች፣ በጂቡቲ አድርጋ በአይሱዙ ቤታችን ደረሰች። የማጓጓዣው ብር ከማሽኗ ዋጋ እንደሚበልጥ ያልነገራት ሰው የለም። እሷ ግን በስልክ አንድ መልስ ብቻ ነበራት፦ «ለባዕድ ስታጥብ ኖራለች፤ አሁን ደግሞ ለናቴ ትጠብ።»

ለራያ ሰው ይሄን ታሪክ ማብራራት አያስፈልግም። ቆቦ ይሁን ሮቢት፣ ጎብዬ ይሁን ዋጃ፣ ሳዑዲ ዘመድ የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ኅዳር 2006 ላይ ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን ማስወጣት ስትጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ብዙዎቹ አንድ ሻንጣ እንኳ አልያዙም። አክስቴም አንዷ ነበረች። ማሽኗ በአምስት ዓመት ስለቀደመቻት «እኔን ቤት የተቀበለችኝ እሷ ናት» እያለች ትስቃለች።

ወደ መጀመሪያው ቀን ልመልሳችሁ። መመሪያው በስልክ ነበር። አክስቴ ከጂዳ «ወደ ቀኝ አዙሩት፣ ጠቅ እስኪል» ትላለች፣ አጎቴ ያዞራል፣ ካርድ ያልቃል፣ እንደገና ይደወላል። ጎረቤት ሁሉ መጥቷል። ቡና ተፈልቷል። አያቴ በርጩማዋን ይዛ መስታወቱ ፊት ለፊት ቁጭ አለች፤ እኛ ልጆች መሬት ላይ። ውሃው ገባ፣ የአጎቴ ሽርጥ ተንከባለለ፣ አረፋው ወጣ። ከአንድ ሰዓት በላይ ማንም አልተነሳም። መጨረሻ ላይ ልትጨምቅ ስትጀምር ግን ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፣ ማሽኗም እየዘለለች ወደ በሩ መራመድ ጀመረች። አያቴ «ልትሄድ ነው! ያዟት!» ብላ ጮኸች። ሦስት ሰው ተደግፎ ያዛት። በኋላ እንደተረዳነው፣ በጉዞ ላይ ሆዷ እንዳይናወጥ ከጀርባዋ የሚታሰሩት ብሎኖች ሳይፈቱ ነው ያስነሳናት።

ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ስማር የስዊድናዊውን የጤና ፕሮፌሰር የሃንስ ሮዝሊንግን ንግግር አየሁ። በ2010 እ.ኤ.አ. ያደረገው ነው። ልጅ ሳለ ቤታቸው የመጀመሪያው ማሽን ሲገባ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በእጇ ስታጥብ የኖረች አያቱ «ቁልፉን እኔ ልጫን» ብላ፣ ጫነችና ወንበር ስባ ሙሉውን ዙር ተቀምጣ እንዳየች ይናገራል። እናቱ ደግሞ በተረፋት ጊዜ እሱን ይዛ ቤተ መጻሕፍት ትሄድ ነበር። ቪዲዮውን አቁሜ ሳቅኩ። ስዊድንና ቆቦ፣ ሁለት አያቶች፣ አንድ መስታወት! የሮዝሊንግ አያት ማሽን ግን አልተራመደም መሰለኝ።

ኮሪያዊው ኢኮኖሚስት ሃ-ጁን ቻንግም በዚያው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ዓለምን ከኢንተርኔት የበለጠ ለውጧል ብሎ ይከራከራል። ይሄን በስልካችሁ እያነበባችሁ ላትቀበሉት ትችላላችሁ። እሱ ግን የሚያወራው ስለ ሴቶች ጊዜ ነው፦ ሳፋ ላይ የሚያልቀው ሰዓት ሲለቀቅ ሴቶች ከቤት ወጥተው ይቀጠራሉ፣ ይማራሉ ነው ነገሩ።

በዚህ እስማማለሁ፤ ግን አክስቴን ሳስብ አንድ ነገር ይጎረብጠኛል። አክስቴ ማሽኑን ያወቀችው ከሥራ ነፃ አውጥቷት ሳይሆን ሥራዋ ሆኖ ነው። ማዳሟ ቤት ማሽንም ነበር፣ ሠራተኛም ነበረች። የተረፈው ሰዓት ለማን እንደሄደ ግልጽ ነው። እኛ አገር ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ የሰው ጉልበት ርካሽ ስለሆነ ማሽን መግዛት አያዋጣም። በየቤቱ እየዞረች የምታጥብ ሴት ባለችበት ከተማ ማሽን የሚገዛ ሰው፣ ልቡን ብትመረምሩት፣ ግማሹ ለክብር ነው። የእኛዋም ዳንቴል የለበሰችው በከንቱ አልነበረም።

አሁን ወደ ናፍቆቱ ልግባ። ሰው አሮጌ ማሽን ይናፍቃል? አዎ። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ኢተን በምትባል ትንሽ ከተማ ሊ ማክስዌል የተባለ ጡረታ የወጣ ፕሮፌሰር ከአንድ ሺህ በላይ አሮጌ ማጠቢያዎች ሰብስቦ ሙዚየም አድርጓቸዋል። ለእነሱ ትዝታ ነው። ለእኛ ግን አሮጌዋን መውደድ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም መብራት ነው።

እንዲህ ነው የምትሠራው። ከማዞሪያዋ ጀርባ ትንሽ ሞተር አለች። እሷ ጥርስ ያለው ትንሽ ከበሮ ቀስ እያደረገች ታዞራለች፣ ጥርሱ ተራ በተራ ማብሪያ ማጥፊያዎችን ይጫናል፦ ውሃ አስገባ፣ አሙቅ፣ አሽከርክር፣ አፍስስ፣ ጭመቅ። መብራት ሲሄድ ከበሮው ባለበት ቀጥ ይላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይምጣ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ይምጣ፣ ካቆመበት ይቀጥላል። የሚረሳው ነገር የለም፤ ምክንያቱም የሚያስታውሰው በብረትና በፕላስቲክ ነው። ከአዲሶቹም ያቆሙበትን የሚያስታውሱ አሉ፣ አልዋሽም። ግን ሁሉ ነገራቸው ቦርድ ላይ ነው፤ መብራት ደግሞ ሲመለስ አንዳንዴ በጉልበት ነው የሚመለሰው። ስታቢላይዘር ከሌላችሁ ቦርዱን ቻው በሉት።

እኛ የምናስጠግንበት ባለሙያ ስለዚህ ጉዳይ ሲያወራ ፊቱ ይበራል። «ቦርድ ከሞተ ሞተ ነው። ይቺ ግን ብረት ናት፣ ትነግርሃለች» ይላል። አንድ ጊዜ የሞተሯ ካርቦን አልቆ ቆመች። ለእሷ የሚሆን ካርቦን ቆቦም ወልድያም ጠፋ። ሰውዬው የግራይንደር ካርቦን ገዝቶ በሞረድ አሳንሶ አስገባላት። እስከ ጦርነቱ ድረስ በዚያ ካርቦን ሠራች።

ናፍቆት ግን አያሳውረን። እንደዚህች ያሉ አሮጌ ማሽኖች በአንድ ዙር ወደ 100 ሊትር ውሃ ይጠጣሉ፤ አዲሶቹ በግማሹ ይጨርሳሉ። 100 ሊትር ማለት ባለ 20 ሊትር አምስት ጀሪካን ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሮቶ እስክንገዛ ድረስ ውሃ ሲጠፋ አያቴ በኦሞ መክተቻዋ መሳቢያ በኩል በጆግ ታጠጣት ነበር። ማሽኗ «ውሃ» ስትል አያቴ ትቀዳለች፣ ማሽኗ «አለቅልቂ» ስትል አያቴ እንደገና ትቀዳለች። አውቶማቲኳ አያቴ ነበረች! ክፍል ውስጥ ስለ ተደጋጋፊ ሸቀጦች ሲያስተምሩን ምሳሌው ሻይና ስኳር ነበር። እኔ ግን በሐሳቤ ይታየኝ የነበረው ያ ጆግ ነው። ማሽን ያለ ቧንቧና ያለ መብራት ውድ ሳጥን ነው።

የሚገርመው ደግሞ ቆቦ የውሃ ድሃ አይደለችም። የቆቦ ጊራና ሸለቆ በከርሰ ምድር ውሃው የታወቀ ነው፤ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይመረትበታል። ውሃው እግራችን ሥር ነው፣ ማሽኗ ግን በጆግ ትጠጣለች። ሲመጣም ጨዋማ ነገር ስለሆነ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት የማሽኗ ማሞቂያ ላይም ይጋግረዋል። ጠጋኙ በዓመት አንዴ በሎሚ ጭማቂ ያስለቅቅላት ነበር።

አያቴ ራሷ ግን የምትናፍቀው ሌላ ነበር። የሮቢት ልጅ ናት፤ ልጅነቷ ጎሊና ወንዝ ዳር ነው ያለፈው። ልብስ በእንዶድ ይታጠባል፣ ድንጋይ ላይ ይሰጣል፣ እስኪደርቅ ወሬው ይደራል። «ማሽን ወሬ አያወራም» ትል ነበር፣ ማሽኗ ፊት ተቀምጣ። በነገራችን ላይ ያ እንዶድ ተራ ሳሙና አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ፤ ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ ተሸካሚዎች ነበሩ። ከዚያ የተነሳው ምርምር በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቶለታል። ቢልሃርዚያ እኛም ዘንድ እንግዳ አይደለም፤ ዋጃ አካባቢ ተማሪዎች ተመርምረው ተገኝቶባቸዋል። ስለዚህ አያቴ ወንዙን ስትናፍቅ እሰማታለሁ፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ ማጠቡን ግን ማንም እንዲመልሰው አልፈልግም።

ሐምሌ 2013 ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ቤተሰቡ የያዘውን ይዞ ወጣ። የዚያን ቀን ጠዋት አያቴ ነጠላዋን ማሽን ውስጥ ጨምራ ነበር። መሃል ላይ መብራት ሄደ። «ሲመጣ ትጨርሳለች» አለች፤ መብራቱ ለወራት አልመጣም፣ እነሱም አልተመለሱም። አያቴ ጥቅምት 2014 አዲስ አበባ አረፈች። ቆቦን አላየችም።

ታኅሣሥ ላይ ቤቱን ስንከፍተው ቴሌቪዥኑ የለም፣ ፍሪጁ የለም፣ ፍራሹ የለም፣ የእንጀራ ምጣዱ የለም። ማሽኗ ግን አለች። ከቦታዋ ተጎትታ በሩ ደፍ ላይ ደርሳ ቆማለች። ሲሚንቶው ወለል ላይ ሁለት ረጃጅም ጭረቶች ይታያሉ። ገመዷ ተቆርጦ ተወስዷል፤ መቼም መዳብ ነው። ማን እንደሆነ አላየንም፣ አልጠየቅንም። ለምን እንደተዋት ግን ግልጽ ነው፦ ከበደችው።

የከበደችውም ሆዷ ውስጥ ኮንክሪት ስላለ ነው። ቀልድ አይደለም። ከፊት የሚከፈቱ ማሽኖች ልብስ ሲጨምቁ በኃይል ስለሚናወጡ ከገንዳቸው ጋር የኮንክሪት ድፍን ይታሰርላቸዋል። በ1937 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣው የመጀመሪያው የቤት አውቶማቲክ፣ ቤንዲክስ፣ ይሄ ብልሃት ስላልነበረው በብሎን ወለል ላይ ይቸነከር ነበር። አሁን ሱቅ የሚሸጡት ባለ ሁለት ጉድጓድ ፕላስቲኮች አንድ ሰው ትከሻው ላይ አድርጎ ይሄዳል። እነሱ ቢሆኑ ኖሮ ይሄ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

አክስቴ መስታወቱን ከፈተችው። ነጠላው ሻግቶ ጠቁሯል። አወጣችው፣ በሳፋ ሦስት ጊዜ አጠበችው፣ አልለቀቀም፣ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ አስገባችው። ነሐሴ 2014 እንደገና ተፈናቀልን፤ ያኔ የሚወሰድም የሚያዝም ብዙ አልነበረም። ከተመለስን በኋላ ማሽኗ ግቢ ወጣች፣ ጠረጴዛ ሆነች። ቁራሌው በመጣ ቁጥር ዋጋ ይጠራል፣ አክስቴ በር ትዘጋበታለች።

ባለፈው ጥር ከአዲስ አበባ ስሄድ ገመድና ቺንጋ ይዤላት ሄድኩ። ኩሽኔታውን ጠጋኙ ራሱ አገኘ። ግማሽ ቀን ሙሉ ታገለ፣ ሞተሩን ለብቻው ሞከረ፣ ጎማዎቹን ቀየረ፣ በመጨረሻ ማዞሪያውን ወደ መጀመሪያው ሊያዞር እጁን ሲዘረጋ አክስቴ ያዘችው።

«ተዋት። ያኔ ያቆመችውን ትጨርስ።»

ማዞሪያው አልተነካም ነበር። ሐምሌ 2013 ከቆመበት፣ ማለቅለቂያው ላይ ነው። አክስቴ ቤት ገብታ ነጠላዋን ከሳጥን አምጥታ ጨመረች። ሶኬቱ ተሰካ። ጠቅ አለች። ከሮቶው ውሃ ሲወርድ ተሰማ፣ ከበሮው ዞረ፣ ነጠላው ከመስታወቱ ጀርባ አንዴ እየታየ አንዴ እየጠፋ መሽከርከር ጀመረ። በርጩማ ወጣ። የጎረቤት ልጆች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ። ውሃው ፈሰሰ፣ እንደገና ገባ፣ እንደገና ፈሰሰ። ልትጨምቅ ማጓራት ስትጀምር መብራት ሄደ።

ማንም አልተነሳም። «ይመጣል» አለች አክስቴ፣ ጀበናውን ወደ ከሰሉ እየመለሰች።