የደም ምርመራ ምስክር ነው እንጂ ፍርድ አይደለም

የሰው አካል ከደዌ የሚጠብቁት ዘበኞች በደሙ ውስጥ አሉት። እነርሱም ከውጭ የገባውን ተሐዋሲ ለይተው የሚዋጉ ናቸው፤ ሐኪሞች ፀረ እንግዳ አካል ይሏቸዋል። አንዳንድ ጊዜ ግን ዘበኞቹ ተሳስተው በጌታቸው ላይ ይነሣሉ፤ መገጣጠሚያውን፣ ቆዳውንና ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ከዚህ ዐይነት ደዌ አንዱ ሉፐስ የሚባለው ነው። ሐኪም ይህን ሲጠረጥር የሕመምተኛውን ደም ቀድቶ፣ በገዛ አካሉ ሕዋስ አስኳል ላይ የተነሣ ፀረ እንግዳ አካል መኖሩን በላቦራቶሪ ያስመረምራል።

ይህ ምርመራ የረቀቀ ነው፤ ነገር ግን ከስሕተት የራቀ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 በወጣ የልዩ ልዩ አገሮች ላቦራቶሪዎች ጥናት፣ የደሙ ውሃ 160 ጊዜ ቀጥኖ ሲመረመር እንኳ ከ100 ጤነኞች በ5ቱ ያህል ላይ ምልክቱ ተገኝቷል። መምህራን በሒሳብ ቢመለከቱት ነገሩ ይገለጣል። ከ1000 ሰዎች ሉፐስ ያለበት 1 ብቻ ነው እንበል። ሁሉም ቢመረመሩ፣ ያ አንድ ሕመምተኛ ሲገኝ 50 ያህል ጤነኞችም ከእርሱ ጋር ምልክት ይገኝባቸዋል። ስለዚህ ሐኪም የደዌው ጠባይ የታየበትን እንጂ ያገኘውን ሁሉ አያስመረምርም።

በደቡብ ኦሞ ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል። ወባና ካላዛር ባሉበት አገር የሰውነት ዘበኞች ዘወትር ሲታገሉ ይኖራሉ፤ ከብዛታቸውም የተነሣ በገዛ አካል ላይ የሚነሡ ይገኙባቸዋል። ካላዛር በኦሞ ቆላና በወይጦ ሸለቆ የሚገኝ፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ደዌ ነው። ትኩሳቱ ይረዝማል፤ ሰውነት ይከሳል፤ ደም ያንሳል፤ ጣፊያ ያብጣል። ትኩሳትና የደም ማነስ በሉፐስም ይታያሉ። እንግዲህ የካላዛር ሕመምተኛ ሉፐስ አለበት ተብሎ የዘበኞቹን ኃይል የሚያደክም መድኃኒት ቢሰጠው፣ ተሐዋሲው ያለ ከልካይ ይበዛበትና እስከ ሞት ሊያደርሰው ይችላል።

አር ኬ 39 የተባለው የካላዛር ምርመራም የሚያየው ተሐዋሲውን ሳይሆን ፀረ እንግዳ አካሉን ነው። ይህም ሕመምተኛው ከዳነ በኋላ ለብዙ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት በደሙ ይቆያል። ደግሞም በምሥራቅ አፍሪካ ምርመራው በህንድ አገር እንዳለው ያህል የታመነ አይደለም፤ ሕመምተኛውን ሳያገኘው ያልፋል። ስለዚህ ሐኪም ሲጠራጠር ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ቀድቶ ተሐዋሲውን በማጉያ መነጽር ይፈልጋል።

የአገር ሽማግሌ በአንድ ምስክር ቃል ብቻ አይፈርድም፤ ሐኪምም እንዲሁ ነው። የምርመራ ወረቀት ይዞ ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ቢኖር፣ በወረቀቱ ብቻ የደዌ ስም አታውጡለት፤ ከጎረቤት የተገኘ መድኃኒትም እንዳይውጥ ምከሩት። ወደ ጂንካ ሆስፒታል ሲሄድም በየትኛው ቆላ እንደ ኖረ፣ ወባ ይዞት እንደ ሆነ፣ ከዚህ ቀደም በካላዛር ታክሞ እንደ ሆነ ለሐኪሙ ይንገር። ምልክት የለም ተብሎ ትኩሳቱ ያልለቀቀውም ሰው ሳይዘገይ ተመልሶ ይታይ።