ያረጀ ቴሌቪዥን ለምን ያጉረመርማል?

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ከዚያ ወዲህ ከተገዙት መሣሪያዎች ብዙዎቹ አርጅተዋል። በአጅባርም ያረጀ ቴሌቪዥን ጓዳ ውስጥ ተጥሎ አይተናል። ሲከፍቱት ያጉረመርማል፤ ምስሉ ይጠባል፤ ጥቁር ጥላ ይመላለስበታል። ባለቤቱ «ሞቷል» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን አልሞተም።

ታዲያ ምን ነካው? በውስጡ ኮንደንሰር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። ካፓሲተርም ይሉታል። ሥራው እንደ ጋን ነው። የምንጭ ውሃ አንዴ ሲበዛ አንዴ ሲያንስ፣ ጋን አጠራቅሞ በልክ ይሰጠናል። ኮንደንሰርም የኤሌክትሪኩን ኃይል እንዲሁ አጠራቅሞ ያስተካክላል። በሆዱ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠልና በፈሳሽ የራሰ ወረቀት ተጠቅልሏል። በሙቀትና በዕድሜ ፈሳሹ ይደርቃል። ደርቆ የተሰነጠቀ ስልቻ እህል እንደማይዝ፣ የደረቀ ኮንደንሰርም ኃይል አይዝም።

መድኃኒቱ አሮጌውን አውጥቶ በአዲስ መተካት ነው። በላዩ ላይ ቁጥር ተጽፏል። የማይክሮፋራዱ ቁጥር እኩል ይሁን። የቮልቱ ቁጥር ከአሮጌው አይነስ። የመደመርና የመቀነስ ምልክቱም ቦታውን አይለውጥ፤ ከተለወጠ ሊፈነዳ ይችላል። ማንበብ የቻለ ሰው አሮጌውንና አዲሱን ራሱ ያስተያያል፤ አይታለልም።

ነገር ግን እንጠንቀቅ! ቴሌቪዥኑ ከመብራት ቢነቀልም እንኳ፣ በኮንደንሰሩና በምስሉ መስተዋት ውስጥ የቀረው ኃይል ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የጀርባ ክዳኑን ራሳችን አንፍታ። ልጆችም እንዳይነካኩት እንከልክል። ከመጣላችን በፊት ባለሙያ ይየው።