ባለ ሦስት የተባለው ኮምፔርሳቶ

ባለፈው ክረምት አንዲት የዓለም ገና እናት ለክር፣ ለመርፌና ለቁልፍ ማስቀመጫ የምትሆን ትንሽ ሳጥን አዘዙኝ። ስዕሉን ልጃቸው በስልክ ላከችልኝ፤ ለባለ 3 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ የተሣለ ነው። «ባለ ሦስት» ተብሎ የተሸጠልኝን አውጥቼ በሌዘር ቆረጥኩ። ስገጣጥማት ጥርሶቿ አልያዝ አሉ፤ ወለሏም መክተቻው ውስጥ ይዋልላል። እንደገና ልሥራልዎት ብላቸው «ግድ የለም ልጄ፣ በላስቲክ አስራታለሁ» ብለው ይዘዋት ሄዱ። ያ ላስቲክ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የውፍረት መለኪያዬ ካሊፐር ኪሴ ውስጥ ነበር። ያላወጣሁት ደንበኞቼ ሁሉ የሚሉትን እኔም አምኜ ስለነበር ነው፦ «ማሽን አይሳሳትም»።

ይህን ከሰበታ የሚመጣውም፣ በቡታጅራ መንገድ የሚመጣውም ይነግረኛል፤ መስማቱ ሰልችቶኛል። ማሽኑ የተሰጠውን ቁጥር ይታዘዛል እንጂ የተጫነበትን እንጨት አያውቅም። የእናትየዋን ሳጥን ኮምፔርሳቶ ትራፊ በኋላ ስለካው 2.7 ሆኖ ተገኘ። በዚያ ላይ ጨረሩ ያለፈበትን ያነድዳል፤ በእኔ ማሽን 0.2 ሚሊሜትር ያህል ይበላል። ስለዚህ 3 ተብሎ የተሣለው መክተቻ ተቆርጦ 3.2 ይሆናል፤ ውስጡ የሚገባው እንጨት 2.7 ነው። ግማሽ ሚሊሜትር! ሳጥን የሚፈርሰው በእሷ ነው። ኮላ ጨምርበት ይሉኛል። ነጩ የእንጨት ኮላ የተነካኩ ፊቶችን ያጣብቃል እንጂ ባዶ ቦታ አይሞላም።

የድሮ አናጺ ይህ ችግር የለበትም። አንዱን ጣውላ በሌላው ላይ አቁሞ ውፍረቱን በእርሳስ ያሰምርና ይቆርጣል፤ ቁጥር አይጠራም። ልኩ ራሱ ጣውላው ነው። እኛ ኮምፒውተር ስንይዝ የጣልነው ይህንን ነው። ወጣት ባልደረቦቼ ባለ 60 ዋት ይሻላል፣ ባለ 100 ይሻላል እያሉ ሲከራከሩ ይውላሉ። ዋት ፍጥነትና ጥልቀት ይሰጣል፤ ልክ ግን አይሰጥም።

አሁን እያንዳንዱን ሉህ አራት ቦታ እለካለሁ፤ ማዕዘኑና መሃሉ አንድ አይደለም፣ በክረምት እርጥበትም ያብጣል። ከዚያ በዚያው ሉህ ጫፍ ላይ እርስ በርስ በ0.05 ሚሊሜትር የሚለያዩ መክተቻዎች እቆርጥና ያንኑ እንጨት እሞክርባቸዋለሁ። በመዳፍ ሲጫኑት የሚገባበት፣ ሲገለብጡት የማይወድቅበት ቁጥር ወደ ስዕሉ ይገባል። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ቆሞ የሚጠብቅ ደንበኛ «ምን ትጫወታለህ፣ ቁረጠውና ልሂድ» ይለኛል። አልቆርጥም።

ስዕሉን በስልክ ላኩልኝ። እንጨቱን ግን ይዛችሁት ኑ፤ አብረን እንለካዋለን።