ከጣና የሄደው ደንገልና የቀረው ገመድ

የጣና ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው። የእንጨት ጀልባ ከአባት ለልጅ ሊተላለፍ ይችላል። ታንኳ ግን ከደንገል ስለሚሠራ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ቢበዛ ጥቂት ወራት አገልግሎ ያረጃል። ባለቤቱም አሮጌውን ዳር አውጥቶ ይጥልና በአዲስ ይተካዋል። ስለዚህ ከአያት የተወረሰ ታንኳ አታገኙም። ከአያት የሚወረሰው አሠራሩ ነው።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁለት የልጅ ልጆቼን ይዤ ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። እንደ ማንኛውም ጎብኚ ገዳማቱንና ጢስ ዓባይን አሳየኋቸው። የስምንት ዓመቷን ልጅ ከሁሉ በላይ ያስገረማት ግን በማለዳ ሐይቁ ላይ ያየችው ዓሣ አጥማጅ ነው። ሰውዬው በታሰረ ሣር ላይ ተቀምጦ በረጅም እንጨት እየቀዘፈ መረቡን ሊያነሳ ይሄዳል። “አባባ፣ ሣሩ ለምን አይሰምጥም?” አለችኝ።

መልሱ ቀላል ነው። የደንገል አገዳ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፤ አየር ስለያዘ ይንሳፈፋል። ታጭዶ ለጥቂት ቀናት ፀሐይ ላይ ከደረቀ በኋላ በጥቅል በጥቅል ይታሰራል። የፊቱ ጫፍ ወደ ላይ ይቀሰራል። ሰውና ዕቃ ከውኃው ከፍ እንዲል ደግሞ በላዩ ሌላ ጥቅል ይነጠፋል። ሥራ ሲያልቅ ታንኳው ከውኃ ወጥቶ እንዲደርቅ ይደረጋል። አንዷ አገዳ ለብቻዋ ልጅ እንኳ ይሰብራታል፤ በአንድነት ሲታሰሩ ግን ቆሮሶና አምባዛ የሚያጠምደውን ሰው ከነመረቡ፣ የዘጌን ማገዶም ከነነጋዴው ይሸከማሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

ልጅቷን ይበልጥ ያስደነቃት ግን ቀጥሎ የነገርኳት ታሪክ ነው። ለሐይቅ ብቻ የተፈጠረ የሚመስለው ይህ የጣና ደንገል አንድ ጊዜ ውቅያኖስ ላይ ወጥቷል።

ጊዜው 1961 ዓ.ም. ነው። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል በጥንታዊ የግብፅ መቃብሮች ግድግዳ ላይ የተሳሉትን የደንገል ጀልባዎች አይቶ፣ እንዲህ ያለው ጀልባ አትላንቲክን ሊያቋርጥ ይችል እንደሆነ በራሱ ላይ ሊሞክር ተነሳ። ደንገል ባሕር ላይ ብዙም ሳይቆይ ይበሰብሳል ያሉት ነበሩ። ሄየርዳል ግን የጣናን ታንኳዎች ተመልክቶ 12 ቶን ያህል ደንገል ከጣና ወደ ግብፅ አስጫነ። ጀልባው የተሠራው በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ሲሆን፣ የሠሩትም ከቻድ ሐይቅ የመጡ የታንኳ ባለሙያዎች ናቸው። ስሙም በጥንቱ የግብፅ የፀሐይ አምላክ ስም “ራ” ተባለ። ግንቦት 17 ቀን ከሰባት አገሮች የተውጣጡ ሰባት ሰዎችን ይዞ ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሳ።

ደንገሉ በሁለት ሳምንት አልበሰበሰም። ጀልባውን የጎዳው ሌላ ነገር ነው። በጥንቶቹ ሥዕሎች ላይ ወደ ውስጥ ከተቀለበሰው የኋላ ጫፍ ወደ ወለሉ የተወጠረ አንድ ገመድ ይታያል። ሠሪዎቹም ሆኑ ተጓዦቹ ገመዱ ጫፉ እንደተቀለበሰ እንዲቆይ ብቻ የታሰረ መሰላቸው። ጫፉ ያለ ገመድም ቅርጹን እንደያዘ ሲያዩ፣ ገመዱ አያስፈልግም ብለው ተዉት። ለካስ የጀልባውን ጀርባ ማዕበል ሲጫነው ወደ ላይ የሚጎትተው እርሱ ኖሯል! ባሕሩ ላይ የራ ጀርባ ቀስ በቀስ ወደ ውኃው ዘቀጠ። ስምንት ሳምንት ያህል ከተጓዙ በኋላ፣ የካሪቢያን ደሴቶች ሲቃረቡ፣ ሰዎቹ ጀልባውን ጥለው በሌላ መርከብ ለመሳፈር ተገደዱ።

በዓመቱ ሁለተኛ ጀልባ ተሠራ። በዚህ ጊዜ የሠሩት በደቡብ አሜሪካ በቲቲካካ ሐይቅ የሣር ጀልባ የሚሠሩ የቦሊቪያ ሰዎች ናቸው። ገመዱም በቦታው ታሰረ። “ራ 2” ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሳፊ ተነስቶ፣ 6,100 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ፣ በ57ኛው ቀን ሐምሌ 5 ባርቤዶስ ደረሰ። ዛሬ ኦስሎ ከተማ በሚገኘው የኮን ቲኪ ሙዚየም ውስጥ ይታያል። ጉዞው የጥንት ሰዎች አትላንቲክን ተሻግረዋል ለማለት ማስረጃ አይሆንም፤ የደንገል ጀልባ ሊሻገር እንደሚችል ግን አሳይቷል።

እኔን ከጉዞው ርዝመት ይልቅ ያሳሰበኝ የዚያች ገመድ ነገር ነው። የገመዱ ቅርጽ በሥዕል ለሺህ ዓመታት ተጠብቆ ነበር። የጠፋው “ለምን?” ለሚለው ጥያቄ የሚሆነው መልስ ነው። የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ሰባት ሰዎች ባሕር ላይ ዋጋ ከፈሉበት።

ጣና ላይም ዛሬ እየሆነ ያለው ይኸው ነው ብዬ እፈራለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ገብተዋል። የእርሻ መስፋፋት የደንገሉን ቦታ እያጠበበው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ መታየቱ የተዘገበው እምቦጭም ተጨምሮበታል። የታንኳ ሥራን ጠብቀው ያቆዩት በተለይ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። እነርሱ ደግሞ ማጣትን ያውቁታል፤ ጥንታዊ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ቋንቋ የሚጠፋው ቤት ውስጥ ለልጅ መነገሩ ሲቆም ነው። ሙያም እንደዚያው ነው።

የታንኳ ሠሪ ልጅ ታንኳ ሠሪ ሆኖ ይቅር ማለቴ አይደለም። በማዕበል ጊዜ በሣር ላይ ተቀምጦ ዓሣ ማጥመድ ከባድ ኑሮ ነው፤ ልጁ ተምሮ የወደደውን ቢሆን እሰየው። ነገር ግን ሙያውን ቢተወውም ምን እንደተወ አውቆ ይተወው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጣና ስትሄዱ ታንኳ ከሚሠራ ሰው አጠገብ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ለጊዜው ተገቢውን ክፈሉት፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊትም ፈቃዱን ጠይቁ። ከዚያ ልጆቹ ይጠይቁት፦ ጥቅሉ ለምን እዚህ ጋ ይጠብቃል? ጫፉ ለምን ይቀሰራል? ደንገሉ ስንት ቀን ይድረቅ? መልሱን ማታ በደብተራቸው ያስፍሩት።

ጣና መሄድ ያልቻላችሁም ብትሆኑ በየቤታችሁ የምታስሩት ገመድ አይጠፋም። ቡሖው ለምን ይህን ያህል ቀን ይቆያል? ገብሱ ለምን በዚህ ወር ይዘራል? ቅቤው ሲነጠር ኮሰረት ለምን ይገባበታል? አያቶችም “ድሮም እንዲህ ነው” ብለን አንለፋቸው። ምክንያቱን ካወቅን እንንገራቸው፤ ካላወቅን ከእኛ የሚበልጡ ሰዎች በሕይወት ሳሉ አብረን ሄደን እንጠይቅ።