ኢብኑ በጡጣ ዘይላ የደረሰው መቼ ነው? በአንድ ዓመት ውስጥ ያልገቡት ሁለት ረመዷኖች



በስልካችን ከሚዘዋወሩ ነገሮች አንዱ የታላላቅ ሙስሊሞች የሕይወት ዘመን ዝርዝር ነው። እከሌ በዚህ ዓመት ተወለዱ፣ በዚህ ዓመት እዚህ ሀገር ገቡ፣ በዚህ ዓመት ወደ አኼራ ሄዱ ይላል። ስለ ታንጀሩ ተጓዥ ስለ ኢብኑ በጡጣ የሚነገረውም እንዲሁ ነው፦ እ.ኤ.አ በ1325 ከሀገሩ ወጣ፣ በ1331 ዘይላ ደረሰ፣ በ1333 ሕንድ ገባ። ሲያነቡት የተስተካከለ ይመስላል። ዝርዝሩ የተቀዳበትን መጽሐፍ፣ ሪሕላን፣ ከፍተን ወሮቹን አንድ በአንድ ስንቆጥር ግን እንቆቅልሽ ይገጥመናል። ከ1332ቱ ሐጅ በኋላ ሕንድ እስኪገባ ባለው ጊዜ መጽሐፉ ሁለት ረመዷን ያስጾመዋል። የቀን አቆጣጠሩ የሚፈቅደው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ጉዳዩ የሩቅ ሀገር ሰዎች ክርክር ብቻ እንዳይመስለን። ይህ እንቆቅልሽ በአንድ በኩል ሲፈታ ኢብኑ በጡጣ ዘይላን ያየበት ዓመት አብሮ ይንቀሳቀሳል። ዘይላ ደግሞ በዚያ ዘመን የኢፋት ሱልጣኔት የባሕር በር ነበረች። ስለ ሀገራችን ሙስሊሞች የ14ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ በዓይን ምስክር የተጻፈው እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ የአንድ ምስክር ዓመት በሁለት ሲዛነፍ ቀላል ነገር አይደለም።

በቅድሚያ ስለ አቆጣጠሩ ትንሽ እንበል፤ በማስተማር ሥራ ላይ ሳለን ተማሪዎችን ደጋግሞ የሚያደናግራቸው ይኸው ነበርና። ኢብኑ በጡጣ ዓመታቱን የቆጠረው በሂጅራ ነው። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ገደማ ስለሆነ 33 የሂጅራ ዓመታት 32 የፀሐይ ዓመታት ያህል ናቸው። ስለዚህ በሂጅራው ዓመት ላይ 622 ደምሮ መሄድ ያሳስታል። ከታንጀር የተነሳበትን 725 ዓ.ሂ ብንወስድ፣ 622 ብቻ ከደመርን 1347 ይመጣል፤ በ22 ዓመት ስተናል ማለት ነው። መጀመሪያ በ0.97 ማባዛት፣ ከዚያ 622 መደመር ያስፈልጋል። 725 በ0.97 ሲባዛ 703 ገደማ ነው፣ 622 ሲደመርበት 1325። ወደ ሀገራችን አቆጣጠር ስናመጣው ደግሞ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 እንቀንሳለን። የተነሳበት ረጀብ 2 ቀን 725 ዓ.ሂ እ.ኤ.አ ሰኔ 1325 ላይ ስለሚውል በኛ ሰኔ 1317 ዓ.ም ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በኋላ ዓ.ሂ ወይም ዓ.ም ያላልንበት ሁሉ እ.ኤ.አ ነው።

ዕድሜውም ላይ ይኸው ይታያል። ሲነሳ 22 ዓመቱ እንደነበረ ይናገራል። የተወለደው ረጀብ 17 ቀን 703 ዓ.ሂ (የካቲት 1304) ስለሆነ በፀሐይ ከቆጠርን 21 ዓመት ከአራት ወር ነበር። አልተሳሳተም፤ የቆጠረው በጨረቃ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ረመዷኖች እንሂድ። በመጽሐፉ አገላለጽ ኢብኑ በጡጣ ከኢራቅና ከኢራን ጉዞው ተመልሶ መካ ውስጥ ሦስት ዓመት ያህል ተቀመጠ። ከ730ው ሐጅ በኋላ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ወረደ፤ በዑማን በኩል ተመልሶ የ732ቱን ሐጅ አደረገ። የ732 ዙልሒጃ 1332 ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይጀምራል። ኢንዱስ ወንዝ ደርሶ ወደ ሕንድ የገባው ደግሞ ሙሐረም 1 ቀን 734 ነው ይላል፤ ይህም መስከረም 1333 ነው። በመካከሉ ያለው አንድ ዓመት ከሦስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ምን ምን አደረገ? ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በበረሃ ካይሮ ገባ። ወደ ሻም ወጣ። ከላዚቂያ በመርከብ ወደ ዛሬዋ ቱርክ ተሻገረ፣ ከተማ በከተማ ዞረ። ጥቁር ባሕርን አቋርጦ ክሬሚያ ገባ፣ የኡዝቤክ ኻንን ሰፈር ተከተለ። ከኻኑ ሚስቶች አንዷ፣ የቁስጥንጥንያው ንጉሥ ልጅ ናት የሚላት፣ አባቷን ልትጠይቅ ስትሄድ አብሯት ሄደ። በከባድ ብርድ ወደ ቮልጋ ተመልሶ በኸዋሪዝም፣ በቡኻራ፣ በአፍጋኒስታን ተራሮች አልፎ ኢንዱስ ደረሰ። ዛሬ በመኪና እንኳ ቢሆን የሚያደክም መንገድ ነው።

ይሁን፣ ፈጣን ነበር እንበል። ረመዷኑስ? አንዱን ረመዷን ቱርክ ውስጥ ጾሞ ዒዱን ላዚቅ በምትባለው ከተማ፣ በዛሬዋ ዴኒዝሊ እንዳደረገ በግልጽ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ባለው ጉዞ ደግሞ ሌላ ረመዷን መጥቶ ዒዱን ከኡዝቤክ ኻን ጋር ያደርጋል። ከ732ቱ ሐጅ እስከ 734 ሙሐረም ያለው ረመዷን የ733ቱ ብቻ ነው። ሙስሊም አንባቢ ይህን ለመረዳት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያሻውም፤ ሰው የዒድ ሶላቱን የት እንደሰገደ አይረሳም፤ የዓመቱን ቁጥር ግን ሊረሳ ይችላል።

ስለዚህ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ መንቀሳቀስ አለበት። ወይ ከመካ የተነሳበት ወደ ኋላ፣ ወደ 730ው ሐጅ ይመለሳል፤ ወይ ኢንዱስ የደረሰበት ወደ ፊት፣ ወደ 736 (1335) ይገፋል። ኢቫን ህርቤክ የተባሉ የቼክ ምሁር በ1962 የሪሕላን የዘመን ቅደም ተከተል ለብቻው አጥንተው ካሳተሙ ወዲህ የመጀመሪያው መፍትሔ ደጋፊዎች አግኝቷል፤ ሁሉም ተስማምተዋል ማለት ግን አይደለም። እኛም የምናዘነብለው ወደዚያው ነው። ኢንዱስ የደረሰበትን በቀኑ ጭምር ነው የሚናገረው፤ ቀኑም የአዲስ ዓመት መባቻ በመሆኑ ከአእምሮ የማይጠፋ ነው። መካ ተቀመጥኩባቸው ስላላቸው ሦስት ዓመታት ደግሞ የሚተርከው ጥቂት ነው። ከ730ው ሐጅ ከተነሳ ቱርክ ውስጥ የጾመው የ731ን፣ ከኻኑ ጋር የጾመው የ732ን ረመዷን ይሆናል፤ 734 ሙሐረም ላይ ኢንዱስ መድረሱም ያለ ጭንቀት ይገጥማል።

ይህ ከሆነ የምሥራቅ አፍሪካው ጉዞ ከ730ው ሐጅ በፊት መግባት አለበት። ከ728ቱ ሐጅ (ጥቅምት 1328) በኋላ ወረደ ማለት ነው። እዚህ ላይ ነፋሱ ያግዘናል። በዚያ ባሕር ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ መርከቦችን ወደ ደቡብ ይወስዳል፣ ከሚያዝያ በኋላ የሚመጣው ተቃራኒው ነፋስ ይመልሳቸዋል። ከዐደን ተነስቶ ዘይላ፣ መቅዲሾ፣ ሞምባሳ፣ ኪልዋ ለመድረስ ወቅቱ የዓመቱ መጀመሪያ ወራት ነው። ስለዚህ በመጽሐፉ ቁጥር ዘይላ የደረሰው በ1331 መጀመሪያ (1323 ዓ.ም) ሲሆን፣ በተስተካከለው አቆጣጠር በ1329 መጀመሪያ (1321 ዓ.ም) ይሆናል።

ዘይላ ላይ ያየው ብዙ አይደለም፤ ያየውም አላስደሰተውም። ከዐደን አራት ቀን በባሕር ተጉዞ ደረሰ። ትልቅ ከተማና ትልቅ ገበያ መሆኗን መስክሮ፣ ከዓሣው ብዛትና በየመንገዱ ከሚታረደው ግመል ደም የተነሳ እንደ እሷ የሚሸት ከተማ እንዳላየ ይናገራል። ባሕሩ እየተናወጠ እንኳ በመርከብ ማደርን መረጠ። አንዳንድ ወገኖቻችን ይህን ሲያነቡ ይከፋቸዋል። እኛ ግን ከሽታው ይልቅ የሚያስቆጨን ሌላ ነው፤ አንድ ሌሊት ከተማው ውስጥ ቢያድር ኖሮ ዑለማዎቿን ይጠይቅ ነበር። በዚያው ዘመን ወደ ዘይላ የሚጠሩ ሊቃውንት ካይሮ ውስጥ ያስተምሩና ይጽፉ ነበር። በ743 ዓ.ሂ ያለፉት የሐነፊያው ፈቂህ ፈኽሩዲን ዑስማን አዝ-ዘይለዒይ፣ በ762 ዓ.ሂ ያለፉት የ«ነስቡ አር-ራያ» ጸሐፊ ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒይ ለምሳሌ ይጠቀሳሉ። ስለ ኢፋት፣ ደዋሮ፣ ሐድያ፣ ባሌና ሌሎችም ሙስሊም ግዛቶች ሰፊ መረጃ ያቆየልንም የባሕሩ መንገደኛ አይደለም። ሐበሻን ሳይረግጥ ካይሮ ተቀምጦ ከዘይላና ከሌላም ቦታ የመጡ ሰዎችን እየጠየቀ የጻፈው አል-ዑመሪ (በ1349 ያለፈው) ነው።

የሁለት ዓመቱ ልዩነት ትርጉም የሚያገኘው ደጋው ላይ የነበረውን ስናስብ ነው። ንጉሥ ዓምደ ጽዮን ከኢፋቱ ሰብረዲን ጋር ያደረጉትን ታላቅ ጦርነት አንዳንድ ታሪክ ጸሐፊዎች በ1329፣ ሌሎች በ1332 ያደርጉታል። ኢብኑ በጡጣ ዘይላ ላይ ስለ ጦርነት ምንም አይናገርም። ይህን ዝምታ ይዘው «እሱ ሲያልፍ ገና አልተነሳም ነበር» ለማለት የሚቸኩሉ አሉ። መጀመሪያ የእሱ ዓመት ራሱ ቋሚ እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የጦርነቱም ዓመት እንዲሁ አከራካሪ ነው። ሁለት የሚንቀሳቀሱ ቁጥሮችን አንዱን በሌላው ማስረጃ ማድረግ አይቻልም። ሌሊቱን መርከብ ላይ ያሳለፈ እንግዳ አለመናገሩም ቀድሞውኑ ክብደት የለውም።

የዘመን ምርመራ የሚጠቅመው ለቦታ ብቻ አይደለም። ሰዎች ስለ ሰዎች የተናገሩትንም ይፈትናል። በዐቂዳ ክርክሮች ብዙ ጊዜ የሚነሳ አንድ ዘገባ በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ኢብኑ በጡጣ ደማስቆ ሳለ በአንድ ጁሙዓ ሸይኹል ኢስላም ኢብኑ ተይሚያን ሚንበር ላይ አየሁ፣ ስለ አላህ መውረድ ሲናገሩ አንድ ደረጃ ወርደው አሳዩ ይላል። በክርክሩ ለመግባት አይደለም ያነሳነው። ዓመቱን ብቻ እንጠይቅ። ኢብኑ በጡጣ ደማስቆ የገባው በራሱ ቃል ረመዷን 9 ቀን 726 ነው። ሸይኹ (ረሒመሁላህ) ግን በሻዕባን 726 ታስረው የደማስቆ ምሽግ ውስጥ ነበሩ፤ ከዚያም ሳይወጡ በዙልቃዕዳ 728 አረፉ። በዚያ ረመዷን ሚንበር ላይ ሊታዩ አይችሉም።

ታዲያ ውሸት ነው እንበል? እዚህ ላይ ሌላ የቀን ስሌት መጨመር አለብን። ኢብኑ በጡጣ ከካይሮ የወጣው በሻዕባን አጋማሽ ነው። በመካከሉ ባሉት 23 ቀናት ገደማ ኢየሩሳሌምን ብቻ ሳይሆን ሐለብንና አንጾኪያን ጨምሮ የሻምን ከተሞች ሁሉ እንደዞረ አድርጎ ይተርካል። አይሆንም። ሻምን ያየው በተለያዩ ዓመታት ነው፤ ሲተርክ ግን ሁሉንም በመጀመሪያው ጉዞ ውስጥ ሰበሰበው። የሰማውና ያየውም በዚያው ተደባልቆ ሊሆን ይችላል።

መጽሐፉ እንዴት እንደተጻፈ ካወቅን ይህ አያስደንቅም። ኢብኑ በጡጣ ከ29 ዓመታት ገደማ በኋላ ፋስ ተመልሶ፣ በሱልጣን አቡ ዒናን ትእዛዝ ለኢብኑ ጁዘይ በቃል ነገረው፤ ተርኮ የጨረሰው በዙልሒጃ 756 (ታኅሣሥ 1355) ነው። ቡኻራ ላይ ከዑለማዎች መቃብር የገለበጣቸውን ጽሑፎች ሕንድ ባሕር ላይ ዘራፊዎች እንደወሰዱበት ራሱ ይናገራል። ኢብኑ ጁዘይ ደግሞ የቋንቋ ሰው ነበር፤ ደማስቆን፣ መካንና መዲናን ሲገልጽ ከ1217 ያለፈው ተጓዥ ከኢብኑ ጁበይር መጽሐፍ ብዙ ቀድቷል። ወደ ቮልጋ ቡልጋር በአስር ቀን ደረስኩ የሚለው ጉዞም ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች አይቀበሉትም።

በጊዜውም ቢሆን ያመኑትና ያላመኑት ነበሩ። ኢብኑ ኸልዱን በሙቀዲማቸው እንደሚተርኩት ሰዎች ስለ ሕንድ ንጉሥ ሀብት ያወራውን ሰምተው ውሸታም ነው እያሉ ያንሾካሽኩ ነበር። እሳቸውም ይህንኑ ለአንድ ወዚር ሲያነሱ፣ ወዚሩ ስላላየኸው ብቻ አታስተባብል ብሎ እስር ቤት ውስጥ ያደገውን ልጅ ምሳሌ ነገራቸው። ልጁ ከአይጥ በቀር እንስሳ ስላላየ አባቱ ስለ በግ ሲነግረው እንደ አይጥ ነው ወይ ይል ነበር። ኢብኑ ሐጀርም በ«ዱረር አል-ካሚና» በውሸት የከሰሱትንና ከክሱ ነፃ ያወጡትን ሁለቱንም ወገኖች መዝግበዋል።

የሐዲስ ሊቃውንት ዘጋቢን ሲመረምሩ ሸይኽህን የት አገኘህ፣ በየትኛው ዓመት ብለው ይጠይቁ ነበር። መልሱንም ሸይኹ ካረፉበት ዓመት ጋር ያስተያዩታል። የወፈያትና የጠበቃት መጻሕፍት የተዘጋጁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ህርቤክ በፕራግ ያደረጉትም በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አይደለም።

የተጓዡ የመጨረሻ ዓመትም ቢሆን አንድ አይደለም። ኢብኑ ሐጀር ባቆዩት ዘገባ እስከ 770 ዓ.ሂ (1368 ወይም 1369) በአንድ ከተማ ቃዲ ሆኖ ኖሯል፤ ሌሎች 779 (1377) ይላሉ። እኛ ለተማሪ ዝርዝር ብናዘጋጅ ሞቱ ላይ 770 ወይም 779፣ ዘይላ ላይ 1329 ወይም 1331 ብለን እንጽፋለን፤ ከጎኑም የትኛው ቁጥር በመጽሐፉ እንዳለና የትኛው በስሌት እንደመጣ።