የታይ ቺ አመጣጥና መስፋፋት

ታይ ቺ በቻይና አገር የተፈጠረ የትግል ጥበብ ነው። ይሁን እንጂ እንቅስቃሴው ዝግ ያለ፣ አተነፋፈሱም የረጋ በመሆኑ፣ ለሚመለከተው ሰው ትግል አይመስልም። ዋና ዘዴው ኃይልን በኃይል አለመመከት ነው፤ ተጋጣሚ ሲገፋ ገለል ብሎ ያሳልፉትና በራሱ ግፊት ሚዛኑን ያስቱታል።

ጥበቡን የጀመረው ዣንግ ሳንፌንግ የተባለ ባሕታዊ ነው የሚል አፈ ታሪክ አለ። ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ምንጩ በሄናን ክፍለ ሀገር የሚገኘው የቼን ቤተሰብ መንደር መሆኑን ይገልጻሉ። መሥራቹም በ17ኛው መቶ ዓመት የኖረው ወታደራዊ ሹም ቼን ዋንግቲንግ እንደ ሆነ ይነገራል። ቤተሰቡ ጥበቡን ከአባት ወደ ልጅ እያወረሰ ለረጅም ዘመን በመንደሩ ውስጥ ጠብቆ አቆየው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ያንግ ሉቻን የተባለ የሌላ ቤተሰብ ተወላጅ ጥበቡን ከቼኖች ተምሮ በቤጂንግ ከተማ አስተማረ። በ1956 እ.ኤ.አ. ደግሞ 24 እንቅስቃሴዎች ብቻ ያሉት አጭር ሥርዓት በመንግሥት ተዘጋጀ። ከዚህም የተነሣ ሽማግሌውም ወጣቱም በየመናፈሻው ይለማመደው ጀመር። በ2020 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አሰፈረው።

እንግዲህ ታይ ቺ የብዙዎች ሀብት ለመሆን የበቃው፣ ያወቁት ሰዎች ለሌላው ለማስተማር በመፍቀዳቸው ነው።