ከጁባ ወደብ እስከ ሆስፒታሉ በር፦ አድልዎና የባህል አለመግባባት በሕክምና ላይ የሚያስከትሉት ጉዳት

የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በባሪ ሕዝብ ምድር ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ወደቧም ከቦር፣ ከማላካልና ከሬንክ ተነሥተው ሱድ የሚባለውን ሰፊ ረግረግ እያቋረጡ የሚመጡ ጀልባዎች ከእህሉና ከሌላው ሸቀጥ ጋር ተፈናቃዩን፣ ነጋዴውንና ሕመምተኛውን የሚያወርዱበት ስፍራ ነው። ዲንካው፣ ኑዌሩ፣ ሙንዳሪውና ሺሉኩ፣ በሆቴልና በንግድ ሥራ የተሰማራው ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊም ጭምር በዚህች ከተማ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ ሲታመሙ ግን ሁሉም ወደ አንድ ሆስፒታል በእኩል ልብ አይሄዱም። በሕክምና ውስጥ ስላለ አድልዎ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው ከበር የተመለሰ ሰው ሲሆን፣ የጁባ የቅርብ ዘመን ታሪክ የሚያሳየው ደግሞ በሩ ድረስ ሳይመጣ የቀረው ሰው የበለጠ እንደሚጎዳና፣ ይህም ሰው በየትኛውም የሕክምና መዝገብ ላይ ስለማይሰፍር ጉዳቱ ሳይታወቅ እንደሚቀር ነው።

አድልዎ ሲባል ሰውን በዘሩ፣ በቋንቋው፣ በጾታው ወይም በሕመሙ ዓይነት ለይቶ ሊያገኝ የሚገባውን አገልግሎት መንፈግ ወይም ማሳነስ ሲሆን፣ የባህል አለመግባባት ደግሞ ሐኪሙና ታካሚው አንዱ የሌላውን ንግግር፣ ልማድና ፍርሃት ሳይረዱ ሲቀሩ የሚፈጠር ክፍተት ነው። የመጀመሪያው ሐሳብና ፈቃድ ያለበት በደል ሲሆን ሁለተኛው ያለ ክፉ ሐሳብ ሊፈጠር ይችላል፤ ይሁንና አድልዎ በደም የተጻፈበት አገር ውስጥ ታካሚው ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውም፤ ምክንያቱም የነርሷ መኮሳተር ከድካም ይምጣ ከጥላቻ በምን ያውቃል?

በጁባ ይህ ጥርጣሬ ሥር የሰደደበት ቀን ይታወቃል። ታኅሣሥ 15 ቀን 2013 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፕሬዚዳንቱ ዘብ ጦር ውስጥ የተጀመረው ተኩስ ወደ ከተማው መንደሮች ተዛምቶ፣ የኑዌር ተወላጆች ከየቤታቸው እየተለቀሙ ተገደሉ፤ በቀድሞው የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ የተመራው የአፍሪካ ኅብረት አጣሪ ኮሚሽንም ግድያውን በ2015 ይፋ በሆነው ሪፖርቱ አረጋግጧል። ገዳዮቹ ሰውን የሚለዩት በግንባሩ ላይ ባለው ጠባሳ ነበር፤ የኑዌር ወንድ ለአካለ መጠን ሲደርስ በባህሉ ወግ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚዘልቁ ስድስት መስመሮች ግንባሩ ላይ ይበጡለታልና። ጠባሳ የሌለውን ደግሞ በዲንካ ቋንቋ ስሙንና አገሩን እየጠየቁ ይለዩት ነበር። እንግዲህ የትኛውም ሆስፒታል ካርድ ሲያወጣ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የመጣበት አገር። መዝጋቢው ሥራውን ይሠራል፤ ከመዝጋቢው ፊት የቆመው ሰው ግን ያንኑ ጥያቄ በሌላ ቦታ፣ ጠመንጃ በያዘ ሰው አፍ ሰምቶታል፤ ወይም ተጠይቆ ያልተመለሰ ወንድም አለው። በአሠራር መመሪያ ውስጥ ምንም ነውር የሌለበት ጥያቄ እንዲህ ሆኖ ታካሚን ያባርራል።

ፍርሃቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ግጭቱ በተዛመተባቸው ወራት ታካሚዎች በአልጋቸው ላይ እንዳሉ ተገድለዋል። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በየካቲት 2014 ወደ ማላካል ሆስፒታል ሲመለስ በግቢው አስከሬኖች አገኘ፤ ከነዚህም ውስጥ በአልጋቸው ላይ በጥይት የተገደሉ ይገኙባቸዋል። በሚያዝያ ደግሞ በቤንቲዩ ሆስፒታል የተጠለሉ ሰዎች ተገደሉ። ቡድኑ በዚያው ዓመት አጋማሽ ባወጣው ሪፖርት በሆስፒታል ግቢዎች ውስጥ ቢያንስ 58 ሰዎች እንደተገደሉ፣ ከነዚህም 25ቱ ታካሚዎች እንደነበሩ ገልጿል። በጁባም ቶንግፒንግና ዩኤን ሃውስ በተባሉት የተባበሩት መንግሥታት ቅጥር ግቢዎች የተጠለሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች፣ በተለይም ወንዶቹ፣ ከአጥር ወጥተው ወደ ከተማው ሆስፒታል መሄድን ራሱን እንደ አደጋ ያዩት ነበር።

ይህ ሁሉ ወደ ሕመምና ሞት እንዴት እንደሚለወጥ ከኮሌራ የተሻለ አስረጂ የለም። በኢትዮጵያ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ወይም አተት እየተባለ የሚጠራው ይህ በሽታ የሰውነትን ውኃና ጨው በሰዓታት ውስጥ አሟጦ የሚገድል ሲሆን፣ በሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ማለትም በንጹሕ ውኃ በተበጠበጠ የጨውና የስኳር ውሕድ፣ ሲጠናም በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ በጊዜው ከታከመ ከመቶ ሕመምተኞች አንዱ እንኳ አይሞትም። በግንቦት 2014 በጁባ መግባቱ በይፋ የታወጀው ወረርሽኝ ግን በዓመቱ ከታመሙት ከ6,400 በላይ ሰዎች 167ቱን ገደለ፤ በ2015 ከ1,800 በላይ ታመው 47 ሞቱ፤ በሐምሌ 2016 ጁባ ዳግመኛ በጦርነት ስትታመስ በይፋ ታውጆ የዓባይን ዳርቻ ተከትሎ የተዛመተውና እስከ 2017 መጨረሻ የዘለቀው ደግሞ ከ20,000 በላይ ሰዎችን አሳምሞ 436 ሰዎችን ፈጀ። ከመቶ ከሁለት የሚበልጥ ሞት ማለት ነው። በአንዱ በመቶና በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ የመንገድ መጥፋት አለ፣ የመድኃኒት እጥረት አለ፣ የጦርነቱ ግርግር አለ፤ ደግሞም በፍርሃትና በኀፍረት ቤት ውስጥ የባከኑ ሰዓታት አሉ። በኮሌራ ጊዜ ደግሞ የባከነ ሰዓት ማለት የፈሰሰ ደም ያህል ነው።

በሕክምና ጣቢያው ውስጥም ቢሆን ጤና ባለሙያው የማያየው እንቅፋት ሊኖር ይችላል። በኑዌሮች ባህል የገዳይና የሟች ወገኖች እርቅ ሳይፈጽሙ በአንድ ዕቃ ቢበሉ ወይም ቢጠጡ ኑዌር ተብሎ የሚጠራ (ከሕዝቡ ስም ጋር የድምፅ መመሳሰል ብቻ ያለው) ገዳይ ርኩሰት ያገኛቸዋል ተብሎ ይታመናል። አንትሮፖሎጂስቷ ሻሮን ሃቺንሰን በ1996 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ በቀደመው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የጦር መሪዎች በመንግሥት ጦርነት የተገደለ ሰው ይህን ርኩሰት አያመጣም ብለው ሕዝቡን ለማሳመን ጥረዋል፤ ስለዚህም እምነቱ ዛሬ በሁሉም ዘንድ በእኩል ጽናት አለ ማለት አይቻልም። ሆኖም ወንድሞቹን ላጣ ሰው ከአንድ ባልዲ በአንድ ኩባያ እየተቀዳ የሚዞር ፈሳሽ ሲቀርብለት አሻፈረኝ ቢል፣ በካርዱ ላይ የሚጻፈው «ሕክምና እምቢ ያለ» የሚል ብቻ ይሆናል። ለየሰዉ የየራሱን ኩባያ መስጠት ለንጽሕናም ቢሆን የሚመከር ስለሆነ መፍትሔው የሚጠይቀው ወጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የሚያስፈልገው ጠይቆ ማወቅ ነው።

ለመጠየቅ ግን የጋራ ቋንቋ ያስፈልጋል። በ2011 የጸደቀው የሽግግር ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛን የመንግሥት የሥራ ቋንቋ ሲያደርግ የአገሬውን ቋንቋዎች በሙሉ ብሔራዊ ቋንቋዎች ብሎ አክብሯቸዋል፤ የጁባን ገበያና ወደብ የሚያግባባው ግን የጁባ ዓረብኛ ነው። ከወንዙ ሰሜናዊ መንደሮች በጀልባ የምትመጣ እናት ሁለቱንም ላታውቅ ትችላለች፤ የምታስተረጉመውም በጎረቤት ወይም በልጇ በኩል ይሆናል። ስለ ማሕፀን ፈሳሽ ወይም ስለ ተፈጸመባት መደፈር በአሥር ዓመት ወንድ ልጇ አፍ የምትናገር እናት የለችም፤ «ሆዴን ያመኛል» ብላ ትመለሳለች፣ የሆድ ኪኒን ይዛ።

ማኅበራዊ እንክብካቤ፣ ማለትም ራሳቸውን ችለው መኖር ለማይችሉ ሰዎች የሚደረገው ድጋፍ፣ በጁባ ከሕክምናውም የባሰ ችላ የተባለ ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2016 ባወጣው ሪፖርት በመላ አገሪቱ ያሉት የአእምሮ ሐኪሞች ሁለት ብቻ እንደሆኑ፣ በጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን የተመደቡት አልጋዎችም 12 እንደሆኑ አስፍሯል። ከዚህ የተረፈው ሕመምተኛ ማረፊያው የጁባ ማዕከላዊ እስር ቤት ነው፤ ብዙዎቹ ወንጀል ሳይፈጽሙ ዘመዶቻቸው አስጨንቀውናል ብለው ያስገቧቸው፣ በሰንሰለት የሚታሰሩም ያሉባቸው ናቸው። በዚህ ቤተሰቡን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን እስር ቤቱን እንደ ሕክምና ቦታ የተቀበለው መንግሥት ራሱ ሲሆን፣ በጦርነት ልቡ የተሰበረን ሰው «እብድ» ብሎ ከሰው መለየትም የባህል ብቻ ሳይሆን የአስተዳደር ውሳኔ ነው።

ከጁባ ወጣ ሲባል ነገሩ የድሆች አገሮች ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ፣ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። በጥር 1996 ማአሪቭ የተባለው የእስራኤል ጋዜጣ ቤተ እስራኤላውያን የሚለግሱት ደም በድብቅ ይጣል እንደነበር ሲያጋልጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጡ፤ በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽንም ተቋቋመ። ባለሥልጣናቱ ምክንያታቸው በማኅበረሰቡ ውስጥ ያለው የኤች አይ ቪ ሥርጭት እንደሆነ ተናገሩ። ሆኖም ለጋሹን አመስግኖ አሰናብቶ ደሙን ከኋላው መድፋት ምንም ዓይነት የጤና ምክንያት ይቅረብለት ንቀት ነው፤ ከዚያ በኋላም ማኅበረሰቡ ከጤና ተቋማት የሚመጣን ነገር ሁሉ በጥርጣሬ ቢመለከት የሚያስደንቅ አይሆንም።

በጎ ምሳሌ የሚገኘው በኢትዮጵያ የወሊድ አገልግሎት ውስጥ ነው። እናቶች ጤና ጣቢያ መሄድ የማይወዱት ባለማወቃቸው ነው ተብሎ ለዓመታት ሲሰበክ ቆይቶ፣ ቀረብ ብሎ የጠየቃቸው ሲገኝ ብርዱን፣ በእንግዳ ሰው ፊት መጋለጡን፣ በጀርባ ተኝቶ መውለዱን፣ ገንፎና ቡና አለመኖሩን፣ የአዋላጇን ቁጣ ጭምር ዘረዘሩ። በብዙ ወረዳዎች በጤና ጣቢያ ግቢ የእናቶች ማቆያ ቤት ተሠርቶ ገንፎው ይገነፋ፣ ቡናው ይፈላ ጀመር፤ ጤና ሚኒስቴርም በ2015 ባወጣው የአምስት ዓመት ዕቅድ ርኅሩኅና ሰው አክባሪ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አደረገው። በአገር አቀፍ ጥናቶች መሠረት በ2011 ከመቶ ወሊዶች አሥሩ ብቻ በጤና ተቋም ይፈጸሙ የነበረ ሲሆን በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 ከፍ ብሏል። ለውጡን ያመጣው ገንፎው ብቻ አይደለም፤ አምቡላንስና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ባይኖሩ ማንም አይደርስም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2020 ባወጣው ግምት ከ100,000 ሕያው ወሊዶች 1,223 እናቶች የሚሞቱባት ደቡብ ሱዳን ግን ሁለቱንም ትሻለች።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባህል የሚለው ቃል ለባለሥልጣናትም ለረድኤት ድርጅቶችም ምቹ መደበቂያ ሆኖ ያገለግላል፤ ደመወዛቸው ለወራት ሳይከፈል የሚቀር የጁባ ነርሶች ሲያመናጭቁ «የአመለካከት ችግር» ይባላል፣ መድኃኒት የሌለው ጤና ጣቢያ ባዶ ሲሆን ደግሞ «ሕዝቡ በባህል ሕክምና ስለሚያምን ነው» ይባላል። በጥቅምት 2024 በሬንክ፣ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በሚገቡባት የወንዝ ዳር ከተማ፣ አዲስ የኮሌራ ወረርሽኝ ሲታወጅና ብዙም ሳይቆይ ጁባ ሲደርስ፣ የሕክምና ጣቢያዎቹ ያስፈልጓቸው የነበሩት ፈሳሽና አልጋ፣ ደመወዙ የተከፈለው ሠራተኛ፣ እንዲሁም የሕመምተኛውን ቋንቋ የሚያውቅና የአባቱን ስም ከመጠየቁ በፊት ውኃ የሚያቀርብ ሰው ነበሩ።